የሐዘን ጺም

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ፌርፋክስ ላይ ባለው የሐበሻ ምግብ ቤት የነበሩት ሹፌሩ ዘሪሁን፣ አስተናጋጇ ትርሲትና ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡት ጋሼ ሰይፈሥላሴ ብቻ ነበሩ። ዘሪሁን እናቱ ከሞቱ ወዲህ፣ አርባቸው እስኪወጣ ብሎ ጺሙን አልተላጨም። ከተሳፋሪ ጋር የሚያገናኘው አፕ ግን ያን ዕለት ጠዋት ፊቱን በካሜራ አይቶ «ከፎቶው ጋር አይመሳሰልም» ሲል ከሥራ አገደው፤ የቀረው አንድ ሙከራ ብቻ ነው።

«ደውልላቸዋ!» አሉ ጋሼ።

«የሚያነሳው ማሽን ነው፣ ጋሼ። ሐዘን አይገባውም።»

«በእኛ ጊዜ አለቃ ቢያባርርህ እንኳ የምትሰድበው ሰው ነበረህ። ለመንግሥት አመልክታ!»

«ጠዋቱኑ ደውዬ አመለከትኩ። የግል ድርጅት ስለሆነ አያገባንም አሉኝ።»

«ስትመዘገብ ፊቴን ውሰዱ ብለህ ኦኬ ያልከው ራስህ ነህ» አለች ትርሲት።

«ኦኬ ባልል ምን ልበላ ነበር?»

«ሶ፣ ተላጭና ትራይ አድርግ።»

ዘሪሁን ከመቀመጫው ተነሣ። ከዚያ ጎረቤት ካለው ፀጉር ቤት ገብቶ «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» እያለ ተላጨ። ከጺሙ ሥር የወጣው ግን ሐዘን ያከሳው፣ ጉንጩ የጎደጎደ ፊት ነበር። ስልኩን ፊት ለፊቱ ያዘ። አፑ አላወቀውም፤ አካውንቱም ተዘጋ።