ክር የታሰረባት ብስክሌት

ልብስ ሰፊ ናትና እጇ ክር አይቶ አያልፍም። የማታውቀው ሰው ትከሻ ላይ እንኳ ክር ካየች ነጭታ ትጥላለች። «አንቺ ሸረሪት ሆነሽ ብትፈጠሪ ኖሮ ድርሽን ለቅመሽ በረሃብ ትሞቺ ነበር» ትላታለች እናቷ። ይህ አመሏ ማንንም ጎድቶ አያውቅም ነበር፤ አባቷ ከሞተ በኋላ ሥራ ቤቱን ልታጸዳ እስከገባችበት ቀን ድረስ።

የአባቷ ሥራ አሮጌ የእሽቅድምድም ብስክሌቶችን ማደስ ነበር። ዝገት የበላውን ይፈታል፣ በናፍጣ ያጥባል፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ልጦ ብረቱን ያወጣል፤ ከዚያ ቀብቶ፣ ባለቤቱ ከፈለገ ደግሞ ዘመን ያመጣውን ማርሽና ፍሬን ገጥሞ ይመልሳል። «ሽማግሌን ጎረምሳ አላደርግም፤ ጉልበቱን ብቻ ነው የማክምለት» ይላል። ቡሎን ሲፈታ ቡሎኑን «ቀስ በል»፣ ደንበኛ ሲጣደፍ ደንበኛውን «ቀስ በል»፣ ልጁ ስትሮጥ «ቀስ በይ»። ስሙ ተረስቶ ሰፈሩ ሁሉ «ቀስ በሌ» ይለው ነበር። ሲሞት ግን ቀስ አላለም። ቁርሱን በልቶ ሥራ ቤቱ ገባ፤ ለምሳ ሊጠሩት ሲሄዱ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ፣ ግድግዳውን ተደግፎ አገኙት። የብርጭቆ ወረቀቱ ከጣቶቹ አልወደቀም ነበር።

ፊት ለፊቱ ሁለት ባዶ የብስክሌት አካሎች ተሰቅለው ቀሩ። ጎማ የለ፣ መሪ የለ፣ ቀለም የለ፤ ራቁታቸውን የቆሙ ሁለት ግራጫ ብረቶች። አንዷ የራሱ የቀስ በሌ፣ ሌላዋ የጓደኛው የፖስተኛው ናት።

ሁለቱ ጓደኛሞች ብስክሌቶቹን የገዙት በጎረምሳነታቸው፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ ነው። ዓይነታቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ፤ ሰዎቹም ጎን ለጎን ሲቆሙ እኩል ነበሩ። እሁድ እሁድ ጠዋት ከከተማው ጀርባ ያለውን ዳገት አብረው ይወጣሉ። በኋላ ጉልበታቸው ከዳቸው። «ለጉልበት መለዋወጫ አልተሠራለትም፤ ለማርሽ ግን ተሠርቶለታል» አለ ቀስ በሌ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ፈታታቸውና ዳገት የሚያቀል፣ ብዙ ደረጃ ያለው ማርሽ ሊገጥምላቸው ጀመረ። ሳይጨርስ ሞተ።

ልጁ ሥራ ቤቱን ልታጸዳ በገባች ቀን ብረቶቹን አውርዳ በዘይት ጨርቅ ወለወለቻቸው፤ ራቁት ብረት ከተረሳ ቶሎ ይዝጋልና። አንደኛዋ ላይ፣ ኮርቻው በሚገባበት ቱቦ አንገት ላይ፣ ቀይ ክር ታስሮ ነበር። እጇ ቀደማት። ክሩን በጠሰችው፣ በጣቶቿ መሃል አድበልብላ ጣለችው፣ ብረቶቹን መልሳ ሰቀለች፣ ወለሉን ጠረገች፣ ቆሻሻውን አውጥታ ደፋች። ከዚያ መጥረጊያውን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች።

ቀይ ክር! የእሷ የስፌት ክፍልና የአባቷ ሥራ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚዋሰኑት፤ መሃላቸው በር አለ። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ያንን በር ገፋ አድርጎ «አንቺ፣ ከዚያ ከቀዩ ትንሽ በጥሰሽ ስጪኝ» ብሏት ነበር። ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ በጥሳ ሰጠችው። ለምን አላለችውም። ለካ ለምልክት ኖሯል።

የቷ ላይ ነበር? ስታወርዳቸው አንዷን ከበሩ፣ አንዷን ከጠረጴዛው አስደግፋ ነበር። ስትሰቅል የትኛዋን ቀድማ እንዳነሳች ራሷን ይዛ ብታስብ አልመጣላትም። ቢመጣላትስ? ክሩ «ይቺ የኔ ናት» ነው የሚለው፣ ወይስ «ይቺ የሰው ናት»?

የአባቷ የሆነ ብዙ ነገር አልቀረላትም። ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር፤ ልብሱን እናቷ ለሰው ሰጥታለች። ያቺ ብስክሌት ግን ሌላ ናት። ልጅ ሳለች መሃለኛው ብረት ላይ ፎጣ ጠምጥሞ ያስቀምጣትና፣ አገጩን አናቷ ላይ ጣል አድርጎ፣ ትንፋሹ ጆሮዋ ላይ እየሞቃት ይወስዳት ነበር። ያቺን ብረት ነው የምትፈልገው። ሌላ አይደለም። እና አሁን ያቺን ብረት ለሰው አሳልፋ ልትሰጥ ትችላለች።

«እማዬ፣ የአባዬ የቷ ናት?»

እናቷ ከደጃፉ ሳታልፍ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አየች። «ቀለም ሳላቸው እንኳ ለይቼ አላውቅ፤ ጭራሽ ቆዳቸው ተገፎ!»

«ስንት ዓመት ሙሉ በረንዳሽ ላይ ስትቆም?»

«እኔ ያገባሁት ሰውየውን ነው እንጂ ብስክሌቷን አይደለም። አንዷን ስጪውና ተገላገይ። ብረት ብረት ነው።»

«ብረት ብረት አይደለም፣ እማዬ።»

«በቃ፣ ቀስ በሌ አልሞተም!» አለች እናቷ። ልትስቅ ነበር፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቷን አዙራ ሄደች።

ፖስተኛው በማግስቱ መጣ። ዕድሜውን ሙሉ የደብዳቤ ቦርሳ ያንጠለጠለበት ቀኝ ትከሻው ወደታች ዘንበል ያለ፣ ቀጭን ሽማግሌ ነው።

«ልጄ ብቻህን አትኖርም ብላ ወስናለች» አለ። «ቅዳሜ መጥተው ይወስዱኛል። ከተማው ሩቅ ነው። ብስክሌቴን ሳልይዝ አልሄድም፤ ባታልቅም ባዶዋን እይዛታለሁ።»

«እጨርሳታለሁ፣ ጋሼ። እዚሁ ነው ያደግሁት፤ እችላለሁ። ግን...» አለችና የክሩን ነገር ነገረችው።

ፖስተኛው ጥርስ ባነሰው አፉ እስኪያስለው ሳቀ። «አባትሽ ነግሮኝ ነበር እኮ! የልጄ እጅ የሰው ጢም ክር መስሎት እንዳይነቅል እፈራለሁ ይል ነበር።»

እሷ አልሳቀችም። አንዱን ብረት አወረደች። «ድምጽ አላት የአባዬ። ልጅ ሆኜ ሆድ አላት እል ነበር። ከኩሽኔታ ያመለጠች የብረት ፍሬ ቱቦዋ ውስጥ ገብታ አልወጣ ብላለች።» ብረቱን አዘነበለችው። ኩርርር አለ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይቺው ናት! ሰሙ?»

ፖስተኛው ሌላዋን አወረደና አዘነበለ። ኩርርር።

«የኔም ሆድ አላት» አለ። «የሱ እያወራች የኔ ዝም ስትል ከፋኛ! ፍሬ ጨምርልኝ አልኩት። ዳገት ላይ ከፊት ያለው ሰው ዞሮ አያይም፤ በየት ትንፋሹ? ኮረኮንቹ ላይ ያቺን ድምጽ ሲሰማ ጓደኛው እንዳልቀረ ያውቃል።»

ልጅቷ ለራሷ ብቻ የያዘችው መስሏት የነበረ ነገር ከእጇ ሲሾልክ ተሰማት። ወዲያው ሌላ ምልክት ፈለገች። «ይሄ ሰርጓዳስ? አባዬ ውሻ ገብቶበት የወደቀ ቀን ነው።»

«ልክ ነሽ፣ እሱ ነው የወደቀው። ያን ቀን ግን የኔ ላይ ነበር።»

ሽማግሌው ነገር ተቀላቅሎበት ይሆናል ብላ አለፈችው። ሁለቱን ኮርቻዎች ከሣጥን አወጣች። ፖስተኛው ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብል የሱ ኮርቻ በቀኝ በኩል ያለቀ መሆን አለበት፤ የአባቷ ቀጥ ያለ። ብርሃን ላይ አድርጋ አየቻቸው። ሁለቱም በቀኝ በኩል ትንሽ ትንሽ አልቀዋል። አንዱም ቀጥ አላለም፤ አንዱም ለይቶለት አላጋደለም።

«እንዴት ይሆናል?» አለች።

«ቆዳ ነዋ» አለ ፖስተኛው። እሱም ግራ የተጋባ ይመስል ነበር።

በመጨረሻ የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ የኋላ ጎማ የሚገባበትን ሹካ ለካች። አንደኛዋ ከሌላዋ ሰፋ ትላለች። አዲሱ ማርሽ ወፍራም ስለሆነ በድሮው ሹካ አይገባም፤ ብረቱን በጥቂቱ መክፈት የግድ ነው። አባቷ አንዷን ከፍቶ ሌላዋን ሳይነካ ነው የሞተው።

«አገኘሁት!» ብላ ጮኸች። «አባዬ የሰው ሥራ ሳይጨርስ የራሱን አይነካም። የእማዬ የገበያ ጋሪ እንኳ ጎማዋ ፈንድቶ የሰው ሥራ እስኪያልቅ ስንት ጊዜ ቆማለች! የተከፈተችው የእርስዎ ናት።»

ፖስተኛው ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ቆይቶ መነቅነቁን አቆመ። «እውነት ነው፤ የሰው ይቀድማል ይላል። ግን ደግሞ ሞክሮት የማያውቀውን ነገር በሰው ንብረት ላይ አይሞክርም። አዲስ ፍሬን የመጣ ጊዜ መጀመሪያ የራሱ ላይ ገጥሞ አጥር ውስጥ አልገባም? ብረት መክፈትን ከዚህ በፊት ሠርቶ ያውቃል?»

አታውቅም። ልብስ መስፋት ከጀመረች ወዲህ በሩ ዝግ ሆኖ መዶሻ ስትሰማ ነው የኖረችው። ሁለቱም ነገር እውነት ነው፤ ሁለቱም አባቷ ነው፤ ሁለቱ ግን ሁለት ቦታ ነው የሚያደርሱት።

«እንግዲያው እርስዎ ይምረጡ።»

«አንቺ ነሽ የሥራ ቤቱ ባለቤት። አንቺ ምረጪ።»

«አይሆንም፣ ጋሼ።»

«እንዴት አይሆንም? የሱን ወስጄ ብገኝ በየት ፊቴ ነው እዛ የማገኘው?» አለና ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ።

እንዲሁ ሲገፋፉ ዋሉና ሳይቋጭ ተለያዩ።

ሳምንቱን የስፌቱን መኪና ሸፍና ሥራ ቤት ከረመች። ያልተከፈተችውን ብረት ቀስ በቀስ መክፈት ጀመረች፤ በሹካው መሃል ረጅም ቡሎን አስገብታ ሁለቱን ዳዶዎች ወደ ውጭ ትንሽ ትንሽ እያዞረች። ብረት ግትር ነው። ሲለቁት ይመለሳል፤ ጨመር ያደርጉታል፣ አሁንም ይመለሳል፤ የሆነ ቦታ ላይ «ጥር» ይልና እሺ ይላል። ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው። አልተሰነጠቀም። ከፊት እስከ ኋላ በግራና በቀኝ ክር ወጥራ እኩል መከፈቱን አየች፤ ክር ደግሞ የሷ ሙያ ነው። ሰርጓዳውን አስቀድማ አቅንታ አጥፍታዋለች፤ ሜትሯን ዘርግታ ስትለካ ሁለቱ ብረቶች አንድ ሆኑ። ደስ አላት። ወዲያው ቀርቷቸው የነበረውን አንድ ልዩነት በገዛ እጇ እንዳጠፋች ገባት።

«እስቲ አሁን ደግሞ የትኛዋን ነው የከፈትሽው?» አለች ሻይ ይዛ የገባችው እናቷ።

ልጅቷ ሁለቱን አየች። «አይ... በቃ ተይኝ፣ እማዬ!»

አንዷን ሌላ ቀለም ልቀባት ብላም አስባ ነበር። ግን ሰማያዊው የማን ሊሆን ነው? ሁለቱንም ሰማያዊ ቀባች። መሪውን፣ ጎማውን፣ አዲሱን ማርሽ፣ ካቴናውን ገጠመች፤ ኮርቻዎቹንም እጇ እንዳገኘ አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ አስገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ፖስተኛው ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከትቶ መጣ። «ሳልሞክራት አልወስድም። ነይ፣ ዳገቷን እንውጣ።» በሩ አጠገብ ያለችውን ያዘ። እሷ የቀረችውን ወሰደች። ስንመለስ የተቀመጠባት የሱ ትሁን፣ ለዕድል ልተወው ስትል ወሰነች፤ ሆዷ ግን እሺ አላለም።

ዳገቱ ላይ እሷ ከፊት ሆነች። አዲሱ ማርሽ ጉልበት አልፈለገም፤ ለስለስ ብሎ ይሽከረከራል። ኮረኮንቹ ሲጀምር ከሥሯ ኩርርር አለ። ከኋላዋም ኩርርር። አልዞረችም። ድምጹ ሲርቅባት ቀስ ትላለች፣ ሲቀርብ ትሄዳለች። አናቷ ላይ አገጭ ያረፈባት እየመሰላት ነው ጫፍ የደረሰችው።

ፖስተኛው እያለከለከ ደረሰ፤ ወረደና ብስክሌቱን ወደሷ ገፋላት። ሌላውን እጁን ደግሞ የሷን ለመቀበል ዘረጋ።

«ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

የተዘረጋ እጁን የሰው እጅ ይመስል አየው። «አመል ነው» አለ። «እዚህ ስንደርስ እንለዋወጥ ነበር። እሱ ያንተ ይቀላል ይለኛል፣ እኔ ያንተ ይቀላል እለዋለሁ። ክርክሩ ሲሰለቸን፣ በቃ እዚህ እንለዋወጥ አልን። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ነው።»

«ታች ስትደርሱስ? መልሳችሁ ትለዋወጡ ነበር?»

«ታችማ ቁርስ አለ! ወደየቤታችን ነዋ።»

ልጅቷ ወደ ኮርቻው አየች። ሰርጓዳው፣ ኮርቻዎቹ፣ ሁሉም ባንዴ መጡባት። «ታዲያ... የአባዬ የቷ ነበረች?»

ፖስተኛው ከልቡ አሰበ። «በየትኛው እሁድ?»

«ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ!»

«እኔስ መች አስቤው አውቃለሁ? ለኔ የሱ ብስክሌት ማለት ያልያዝኳት ናት።»

«ክሩስ? ለምን አሰረው?»

«እሱን እሱ ይወቀው» አለ ፖስተኛው፤ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዞረ። እጁ ግን አሁንም እንደተዘረጋ ነበር።

የያዘችውን መሪ ጨበጥ አደረገች። ከዚያ ሰጠችው፤ የሱን ተቀበለች። ሲወርዱ እሱ ከፊት ነበር። እሷ ለመድረስ ስትፈጥን፣ ሳይዞር፣ በብስክሌቷ ድምጽ ብቻ አውቆ «ቀስ በይ!» አላት።

ሥራ ቤቱ ደጃፍ ፖስተኛውን የሚወስደው መኪና ይጠብቅ ነበር። ብስክሌቷን ከኋላ ጭነው በገመድ አሰሩ፤ ተቃቅፈው ተሰነባበቱ፤ መኪናው ጥጉን ዞረ።

«የትኛዋን ሰጠሽው?» አለች እናቷ።

«እንጃ።»

«እንጃ? ታዲያ ምን ያስቅሻል?»

ልጅቷ የቀረችውን ብስክሌት እየገፋች ሥራ ቤት አስገባቻት። ከቀሚሷ ጠርዝ የተተረተረ ክር ኮርቻዋ ሥር ተጠምጥሞ ኖሯል። እጇ እንደ ልማዱ ሄደ። ክሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። እጇን መልሳ ኪሷ ከተተች።