የማማው ጥቅሻ

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፣ ልብስ ሰፊዋ ዕድሜዋን ሙሉ ከመስኮቷ ስታየው የኖረችው ማማ ላይ አንድም ቀን ወጥታ አታውቅም። የሩቅ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ፎቶ ይነሳበታል፤ እሷ ግን ከማማው የምትፈልገው አናቱ ላይ ያለውን ቀይ መብራት ብቻ ነበር። ባሏ፣ ሰፈሩ «አምፖሌ» የሚለው የማማው ኤሌክትሪሺያን፣ አመሻሽ ላይ ሥራውን ሲጨርስ ያንን መብራት አጥፍቶ ያበራዋል። «መጣሁ፣ እራት አሙቂ» ማለቱ ነው። በትዳራቸው ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል አልወጣውም፤ ይኼም ቢሆን ከብዙ ባሎች ይሻላል።

አምፖሌ በልብ ሕመም ከሞተ ወዲህም መብራቱ መጥቀሱን አልተወም። በየምሽቱ ይጠቅሳል፤ እሷም በየምሽቱ የሁለት ሰው እራት ታሞቃለች። መጀመሪያ ፈራች፣ ኋላ ለመደችው፣ በመጨረሻ መብራቱ ካልጠቀሳት እንቅልፍ እምቢ ይላት ጀመር። እህቷ «ሽቦው ተበላሽቶ ነው፤ አንቺም አብረሽው እንዳትበላሺ» ብትላት ነገሩ ከነከናት። ሙት ይሁን ሽቦ፣ ቁርጡን ልታውቅ ቤቷን ቆልፋ ሄደች።

ከጎብኚዎቹ ጋር ተጋፍታ በሊፍት ወጣች። አናቱ ላይ ባሏን የተካው ጎልማሳ ካቻቢቴውን እየወለወለ አገኘችው።

«ልጄ፣ ይኼ መብራት ማታ ማታ ምን ሆኖ ነው ጠፍቶ የሚበራው?»

«ብልሽት አይደለም፣ እማማ። እኔ ነኝ። ነፍሱን ይማረውና አምፖሌ ነው ያስተማረኝ፤ ‹ጨርሰህ ስትወርድ አጥፍተህ አብራ፣ እንዳትረሳ› አለኝ። የሥራው ደንብ መስሎኝ ለምን ብዬም አልጠየቅኩት።»

ባሏን ከቀበረችበት ቀን ይልቅ አሁን መረራት፤ ያን ቀን እንኳ ሲመሽ መብራቱ ጠቅሷት ነበር። እየተንተባተበች ማን እንደሆነችና ጥቅሻው ለማን እንደነበረ ስትነግረው ሰውዬው አንገቱን ደፋ።

«ይቅር ይበሉኝ። ከእንግዲህ አልነካውም።»

«አንተ ምን አጠፋህ? የዛሬውን ግን ለእኔ ተውልኝ። ልሰናበተው።»

ፀሐይ ገብታ ነበር። ማብሪያውን አሳያት፤ አጠፋችና አበራች። ከዚያ አጥሩን ተደግፋ ቁልቁል ሰፈሯን ፈለገች። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጣሪያዋን ለየችው፤ ቤቱ ጨለማ ነው። አፍጥጣ እያየችው የማድ ቤቷ መስኮት ቦግ አለ፤ ጠፋ፤ መልሶ በራ።

በሩን የቆለፈችበት ቁልፍ መዳፏ ውስጥ ነበር። ሌላ ቁልፍ የለውም።

ጎልማሳውም አይቶታል። «እማማ፣ ቤት ውስጥ ሰው አለ እንዴ?» አላት፣ ድምፁ እየሰለለ።

«እራት እያሞቀ ነው» አለችው። «ቶሎ አውርደኝ።»