አንገቷን ብቻ

መጽሐፍ ጠራዡን መጠርጠር የጀመርኩት «እትዬ፣ ዕቃዎ ያስቀናል» ያለኝ ዕለት ነው። የሰው ዕቃ አይቶ ቀናሁ የሚል ሰው፣ በእኔ ግምት ግማሹን ሰርቆ ጨርሷል። ምን ላድርግ? ያረጀ ወረቀት የሚጠግን ሌላ ሰው አላውቅም። የወረቀት አሻንጉሊቴን ከነሰባት ልብሷ አስረከብኩትና ልቤን እዚያው ጥዬ ወጣሁ።

ቤቴ ውስጥ በእጅ የተሠሩ የወረቀት አሻንጉሊቶች መቶ ያህል አሉ፤ በዕድሜ እኔን የሚበልጡም አሉባቸው። እንግዳ ሲመጣ የማሳየው እነሱን ነው። ይቺን ግን ለማንም አላሳይም። ከደብተሯ ሽፋን ቆርጣ የሠራቻት ታላቅ እህቴ ናት። አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላት ሞተችብን፤ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ የላትም። የአሻንጉሊቷ አንገት ሊበጠስ ባይደርስ ኖሮ ከሳጥኗ አላወጣትም ነበር። ለጠራዡ ሳስረክባት «አንገቷን ብቻ» አልኩት፣ ሦስት ጊዜ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሰበብ እየፈጠርኩ ሄድኩ። አንድ ቀን ጃንጥላ ረሳሁ ብዬ፣ አንድ ቀን ስለ ሙጫው ልጠይቅ ብዬ። ገና ከበሩ ሲያየኝ መሳቢያውን ይዘጋል። ንጹሕ ሰው መሳቢያ ምን ያዘጋዋል?

በአምስተኛው ቀን ፈገግ ብሎ አስረከበኝ። አንገቷ የተጠገነ አይመስልም። ቀዩን ካፖርት አለበስኳት፤ ትከሻ ላይ የሚታጠፉት ትንንሽ ወረቀቶች፣ እኛ ሰብሳቢዎች ጆሮ የምንላቸው፣ ልክክ አሉ። ቀጥ ብላ ቆመች።

የእኔዋ ቀጥ ብላ አትቆምም።

«ይቺ የእኔ አይደለችም። ለውጠሃታል!»

«እትዬ፣ ኧረ በሕግ!»

«ዓይንህን በጨው አጥበህ አትየኝ! የእኔዋን አምጣ!»

ካፖርቱን አውልቆ አሻንጉሊቷን ገለበጣት። ጀርባዋ ላይ የእህቴ የሂሳብ ልምምድ አለ፤ ከሥሩ በመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ «ጽሕፈትሽን አስተካክይ» ይላል። ራሷ ናት።

«መሳቢያውን የምዘጋው ድንገት ላስደስትዎ ብዬ ነው» አለ። «ግራ ትከሻዋ ወርዶ ነበር። የልጅ እጅ አይደል፣ መቀሱ ስቶባታል። ቀኙን ከርክሜ እኩል አደረግኩልዎ። የልብሶቹንም ጆሮ እንደዚያው። ለዚህ አላስከፍልም።»

መቀሱ አልሳተም። እህቴ ከተወለደች ጀምሮ ግራ ትከሻዋ ዝቅ ያለ ነበር። አሻንጉሊቷን ራሷን አስመስላ ነው የቆረጠቻት፤ ልብሶቹንም በራሷ ልክ።

«የቆረጥከውስ የት አለ?»

«ብጣሹ? እሱማ ከጥራጊው ጋር ወጣ።» ከዚያ እፎይ አለና፣ «ታዲያ እትዬ፣ ሌባ አለመሆኔን አመኑ?» አለኝ።

አመንኩ። ምነው ሌባ በሆነ! ሌባ ቢሆን እህቴን እንዳለች ይደብቃት ነበር።