ሁለት ሻማ ለሚገዛ ሦስተኛው በነፃ

ደሴ ፒያሳ ባለው ፎቶ ቤቴ ውስጥ፣ በውሸት ኬኩ ላይ ያለውን ሻማ እፍ ብሎ ያጠፋ ልጅ በአንድ ዓመት ያድጋል። ኬኩ ከፎም የተሠራ ነው፤ ነጭ ቀለም የቀባሁት ራሴ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለልደት ፎቶ ሲያገለግል ማንንም አሳድጎ አያውቅም። የጀመረው ባለፈው ሐምሌ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው የአንድ ባለሱቅ ልጅ ነበር። ሻማውን እፍ ሲል የሱሪው ጫፍ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ወጣ። አባትየው ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ኧረ ጫማውን ትናንት ነው የገዛሁለት!» አለ። ሌላ ቅሬታ አልነበረውም። ሂሳቡን ከፍሎ ሄደ።

እኔ ግን ከደስታ ብዛት መቀመጥ አቃተኝ። ሰው ሁሉ ካሜራውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ስለሚዞር ለልጅ ፎቶ የሚከፍል ጠፍቶ፣ ቤቱን ለጫማ ነጋዴ ላከራየው ተስማምቼ ነበር። በማግሥቱ ዋጋ አወጣሁ፦ ፎቶ ብቻውን ሁለት መቶ ብር፣ ፎቶ ከነዓመቱ ሁለት ሺህ። ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሬ ከተማውን አስዞርኩት። በሁለት ቀን ውስጥ ሰልፉ መንገድ ዘጋ! እናቶች ከልጆቻቸው ጋር አንድ ቁጥር የሚተልቅ ጫማ በፌስታል ይዘው ይመጡ ጀመር። ማዶ ያለው ፎቶ ቤት በእውነተኛ ኬክ ላይ ሃያ ሻማ ደርድሮ ሞከረ፤ ልጆቹ ኬኩን በሉለት እንጂ አንድም ያደገ የለም። በሳቅ ሞትኩ።

ትልቁ ሐሳብ የመጣልኝ ያኔ ነው። በቀይ ቀለም ጽፌ በሩ ላይ ሰቀልኩት፦ «ሁለት ሻማ ለሚገዛ ሦስተኛው በነፃ!» ከዚያ በኋላ አንድ ሻማ ብቻ የገዛ ሰው አላየሁም።

ትርሲት የምትባል ልጅ እግር እናት የመጣችው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ሴት ልጇን ኤዶምን እጇን ይዛታለች።

«ጋሽ ተካልኝ፣ ኮምቦልቻ ሥራ አግኝቻለሁ» አለችኝ። «ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። ልጄን የሚይዝልኝ ሰው የለም። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሰባት ዓመት ካልሞላት አልቀበልም አለኝ።»

«አሁን ስንት ዓመቷ ነው?»

«አምስት።»

«ሁለት ሻማ ይበቃታል።»

«ሦስተኛው ነፃ አይደል እንዴ?»

«ነፃ ነው።»

«ታዲያ ለምን ይቀርብኛል?»

ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ሦስት ሻማ አወጣሁ።

ኤዶምን በርጩማው ላይ አስቀመጥኳት። የፕላስቲክ ዳክዬዬን ሲጥ ሲጥ ሳደርግላት ሳቀች። በመጀመሪያው ሻማ የፊት ጥርሷ ወልቆ ጭኗ ላይ ወደቀ። በሁለተኛው ሹሩባዋ ትከሻዋን አለፈ። በሦስተኛው ማንም ሳይረዳት ከበርጩማው ወረደች። ስምንት ዓመት ሆኗታል። ትርሲት አጨበጨበች፤ እኔም አጨበጨብኩ።

ሊወጡ ሲሉ ትርሲት እጇን ዘረጋችላት። ኤዶም እናቷን አልፋ መጣችና የእኔን ቀኝ እጅ ያዘች።

«ጋሼ ነው የሚያሻግረኝ» አለች።

«እንዴ፣ ከየት ታውቂዋለሽ?» አለች እናቷ።

«ሁልጊዜ እሱ አይደል የሚያሻግረኝ?»

አሻገርኳት። ሚስት አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ሳስቅ ነው የኖርኩት። አስፋልቱን እስክንጨርስ ድረስ እጄ የእሷን እጅ እንዴት እንደሚይዝ ያውቅ ነበር። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ትርሲት ብቻዋን ተመለሰች።

«ጉልበቷ ላይ ጠባሳ አለ» አለች። «ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ ከሳይክል ስወድቅ አንቺ አልነበርሽም አለችኝ። የመሀሉን ሦስት ዓመት ፎቶ ፈልግልኝ።»

«እኔ ያነሳሁት ሦስት ፎቶ ብቻ ነው።»

«ግድ የለህም፣ ፈልግልኝ።»

ካሜራውን ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘሁት። ያላነሳኋቸው ሁለት መቶ አርባ ፎቶዎች ነበሩበት። ኤዶም ሳይክል ስትነዳ። ኤዶም ጉልበቷ ደምቶ ስታለቅስ። ኤዶም በእንቁጣጣሽ አዲስ ቀሚስ ለብሳ። በሁሉም ላይ ቡናማ ሹራብ የለበሰ ሰው እጇን ይዟታል። ሹራቡን አውቀዋለሁ፤ ለብሼዋለሁ።

«አንተ ነህ» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እኔስ የት ነኝ?»

እስከ መጨረሻው ድረስ አየን። የለችም።

«ወደ ኋላ የሚመልስ ሻማ የለህም? የጠየቅከኝን እከፍላለሁ።»

«የለኝም።»

«ሁለቱስ ለእንጀራዬ ብዬ ነው» አለች። «ሦስተኛውን ግን ምን አስቸኮለኝ?»

ፎቶዎቹን ሁሉ አጠብኩላት። ዋጋ ያላወጣሁለት ነገር ስለሆነ አላስከፈልኳትም። የፓስፖርት ፎቶ የምቆርጥበትን መቀስ ጠየቀችኝና በርጩማው ላይ ተቀምጣ እኔን ከእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቆርጣ ማውጣት ጀመረች። አላለቀሰችም። መቀስ አያያዟ ጥሩ ነው። ቀኝ እጄን ብቻ ተወችው፤ እሱን ብትቆርጠው የኤዶም ጣቶች አብረው ይሄዱ ነበር። የቀሩትን ፎቶዎች በፖስታ ከታ ወጣች። እኔም ወለሉ ላይ የተበተንኩትን ራሴን ጠርጌ ጣልኩ።

ትምህርት የተከፈተ ዕለት ሰልፉ ከመቼውም የበለጠ ነበር፤ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ! በመስኮቱ ሳይ ኤዶም አዲስ ዩኒፎርሟን ለብሳ አስፋልቱ ዳር ቆማለች። ትርሲት ቀኝ እጇን ይዛታለች። በግራዋ በኩል ማንም የለም። ያለው እስከ ቡናማው የሹራብ ጫፍ ድረስ ብቻ የሚታይ አንድ እጅ ነው። አንድ ሚኒባስ እስኪያልፍ ድረስ ኤዶምን ያዝ አደረጋት፤ ከዚያ ቀስ ብሎ አሻገራት።

ቀኝ እጅጌዬን አየሁት፤ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ተራው የደረሰው ልጅ በርጩማው ላይ ወጥቶ እየጠበቀኝ ስለነበር፣ ሻማውን በግራ እጄ ለኮስኩለት።