ሚዛን የደበቁት

ነርሷ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም። የሥራ ጓደኛዋ ልጇ ታሞባት ስለቀረች ሃያ ሁለት አልጋ ለብቻዋ ወድቆባታል። እግሯ ከጫማዋ ሞልቶ ሊፈስ ደርሷል፤ ወገቧንማ ረስታዋለች።

ከሰዓት በኋላ አንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፉ ገቡ። ቀና ብላ ስታይ ሚዛን ናቸው። በነርስ ትምህርት ቤት ስለ መድኃኒት ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ። በግማሽ ሚሊግራም ስህተት ሰው በፈተና ይጥሉ ስለነበር ተማሪው ሁሉ ከጀርባቸው "ሚዛን" ይላቸው ነበር። ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከስተው አጥንታቸው ቀርቷል፤ ግራ ጉልበታቸው ብቻ ዱባ አክሏል።

ሐኪሙ ለጉልበቱ ሕመም ማስታገሻ የዲክሎፌናክ መርፌ አዝዞ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሮጧል። ነርሷ ቀድታ መጣች። ሚዛን ቶሎ ወግታቸው ወደ ሥራዋ እንድትሄድ፣ ፊቷ ላይ ድካም ብቻ እንደሚታይ ነገሯት። እውነታቸውን ነው። ወግታ ብትሄድ ማንም ለምን አይላትም ነበር።

ክንዳቸውን ስትይዝ ግን መዳፋቸው ነጥቶ ወረቀት መስሏል። የልብ ምታቸውን ብትቆጥር በደቂቃ መቶ አሥራ ስምንት፣ ከልክ በላይ ፈጣን። ቤት ውስጥ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ጠየቀች፤ የለም አሉ። ጨጓራቸውም ደህና ነው አሉ። ስለ ሰገራቸው ስትጠይቅ ግን ይህን ጥያቄ ማን እንዳስተማራት አስታውሰዋት ተቆጧትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

መርፌውን ትሪው ላይ መልሳ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ልጃቸው የእናቷን ቦርሳ አቅፋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሆድ ብሷት ኖሮ ገና አንድ ስትጠየቅ ሁሉንም ዘረገፈችው። እናቷ ያንኑ ዲክሎፌናክ በክኒን ጠዋትና ማታ ሲወስዱ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። እሱ አልበቃ ሲላቸው በገዛ እጃቸው እብጠት የሚያስታግሰውን ፕሬድኒሶሎን ጨመሩበት። የሚበሉት ደግሞ ከወፍ አይበልጥም። እሷ አፏን ስትከፍት፣ መድኃኒት ያወቅሽው ከመቼ ወዲህ ነው ይሏታል።

ሁለቱ ተደርበው፣ ያውም በባዶ ሆድ፣ ጨጓራን እንደሚያቆስሉ ለነርሷ ነጋሪ አያስፈልጋትም። ተመልሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"መርፌውን አልሰጥዎትም" አለች ድምጿን ሳታነሳ።

"ሐኪም ያዘዘውን?"

"ሐኪሙ አያውቅም። እርስዎ ግን ያውቃሉ።"

ሚዛን ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። "ሰገራዬ ጥቁር ነው" አሉ። "እንደ ሬንጅ። ዛሬ አራተኛ ቀኑ።"

"ታዲያ ለምን ደበቁኝ?"

"ክኒኑን ከነጠቃችሁኝ ሽንት ቤት ማን ያደርሰኛል? ልጄ ሥራ አላት። ሰው አልጋው ላይ ሲጸዳዱለት ሠላሳ አምስት ዓመት አይቻለሁ። እዚያ ከምደርስ ጨጓራዬ ይድማ አልኩ።"

 ነርሷ ለሕመምተኛ የሚነገረውን ምክር በቃሏ ታውቀዋለች፤ ለእሳቸው ግን ልታወጣው አፈረች። እጃቸውን ጨበጥ አድርጋ ተነሳችና ሐኪሙን አስጠራች።

መርፌው ተሰረዘ፤ ደም እንዲሰጣቸውና የጨጓራ መድኃኒት እንዲጀምሩ ታዘዘ። ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት ከተወሰደ ባንዴ ስለማይቆረጥ ቀስ በቀስ እንዲቀነስ ተደረገ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በደም ሥር፣ ሲብስ ደግሞ ጥቂት ሞርፊን። ነርሷ ሞርፊኑን ስትቀዳ ሚዛን ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ስንት ሚሊ እንደሆነ ጠየቁና ሒሳቡን በልባቸው ደግመው ሠሩት። ልክ ነበር። ልክ ነሽ ግን፣ እንደ ድሮው ሁሉ፣ አላሏትም።

በማግስቱ ሐኪሞቹ በጉሮሮ በሚገባ ካሜራ ሲያዩ የጨጓራው ቁስል ተገኘ፤ እዚያው መድማቱን አስቆሙት። ከጉልበታቸውም ፈሳሽ ተቀዳ፤ እብጠቱ ጎደለ፣ ሕመሙ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም። ነርሷ በእረፍት ሰዓቷ ልጅቱን ጠርታ እናቷን ብብታቸው ሥር ይዛ እንዴት እንደምታነሳ አሳየቻት። ሚዛን መጀመሪያ ተግደረደሩ፣ በሦስተኛው ሙከራ ክብደታቸውን ለቀቁላት። ልጅቱ አንገታቸው ሥር ተወሽቃ አለቀሰች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን በክራንች፣ በልጃቸው ተደግፈው ወጡ። ነርሷ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ከዚያ ተመልሳ አንሶላውን ገፈፈች፤ አልጋውን የሚጠብቅ ሌላ በሽተኛ ነበር።