ላስቲኩ ያልተላጠ ማሽን

ሰርቦ ከተማ ላይ አዲሱ የቡና መቁያ ማሽን በተመረቀ ዕለት ፊርዶስ ደስታዋን መቻል አቅቷት የማሽኑ እጀታ የተጠቀለለበትን ላስቲክ ላጥ አደረገችው።

«ተይ! ላስቲኩን አትንኪ!» ብሎ ጮኸ ለሚ ከድንኳኑ ማዶ።

«ምነው? የኛ አይደል እንዴ?» አለች እየሳቀች።

«የናንተ ነው። ግን እስኪተከል ይቆይ።»

ልዑል ይህን ሰምቶ ምንም አልመሰለውም። ለሚ ማለት ጅማ ኮሌጅ ሳሉ ከአንድ ሳህን የበላ፣ ወባ ሲጥለውም በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰው ጓደኛው ነው። ከተመረቁ በኋላ ለሚ ትንንሽ የቡና ከተሞችን ይደግፋል በተባለ የመንግሥት ፕሮጀክት ተቀጠረ። ልዑል ግን ሥራ ፍለጋ መንከራተቱ ሲሰለቸው ከጎረቤቱ ከፊርዶስ ጋር ሆኖ ቡና እየቆላና እየፈጨ ለጅማ ቡና ቤቶች ማቅረብ ጀመረ። መቁያቸው ከአሮጌ በርሜል የተሠራ፣ ከሥሩ እንጨት የሚነድበት፣ በእጅ የሚዞር ነበር። ይንቋቋል፣ ያጨሳል፤ ግን ሁለት ቤት ያበላል።

ስለ ማሽኑ ሊያበስራቸው የመጣው ለሚ ራሱ ነበር። «አንድ ነገር ብቻ» አላቸው ያኔ። «ድጋፉ መቁያ ለሌላቸው ነው። በርሜሉን ሽጡት።»

«ሜ፣ እስቲ መጀመሪያ ማሽኑ ይምጣ» አለች ፊርዶስ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማህም?»

«ለሚን ነው የምትጠረጥሪው?» ብሎ የተቆጣት ልዑል ነው። ያሳመናትም እሱ ነው። በሳምንቱ ሀቢቡላህ የተባለ የአሮጌ ብረት ነጋዴ ከሊሙ ገነት መጥቶ በርሜሉን ጭኖ ሄደ።

ምርቃቱ ያማረ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፣ ካሜራ ዞረ፣ ልዑልም በአማርኛና በኦሮምኛ ምስጋና አቀረበ። እንግዶቹ ምሳ በልተው ሲበተኑ አንድ የጭነት መኪና መጣና ማሽኑን አነሣው። ለትንሽ ማስተካከያ ጅማ ደርሶ እንደሚመለስ ነገሯቸው። ሰኞ ይመጣል ተባለ፤ ሰኞ ቴክኒሻኑ ታመመ። ከዚያ ለሚ ስልክ ማንሣት ተወ። ቡና ቤቶቹም ጥቂት ታግሠው ሌላ አቅራቢ ያዙ።

«ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ» አለች ፊርዶስ አንድ ቀን፣ የቀዘቀዘው ምድጃ አጠገብ ቆማ። «ዋላሂ አልወቅስህም። ግን በርሜሉን መልስልኝ። ለምነህም ቢሆን።»

ልዑል በማግሥቱ ሊሙ ገነት ወረደ። የሀቢቡላህ ግቢ ዝግ ነበር። ከአጥሩ ሥር ጎመን የምትሸጥ ሴት «ምርቃት አለ፣ እዚያ ዕቃ ሊጭን ሄዷል» አለችው። የሙዚቃውን ድምፅ ተከትሎ ሄደ።

ድንኳኑን ገና ከሩቅ አወቀው። ከሥሩ ማሽኑ ላስቲኩን እንደለበሰ፣ ሪባን ዞሮበት ቆሟል። እጀታው ላይ ላስቲክ የለም፤ የተላጠው ጫፍ በፕላስተር ተለጥፏል። የፊርዶስ ሳቅ ጆሮው ላይ መጣበት።

ለሚ አየው። የያዘውን የመቀስ ትሪ አስቀምጦ በፍጥነት መጣና ክንዱን ይዞ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደው።

«ልዑሌ፣ ስማኝ። እስካሁን የገባው አንድ ማሽን ነው። የቀሩት ወደብ ላይ ናቸው። ሰኔ ሠላሳ ሳይደርስ ለየከተማው አስረከብን ካላልን በጀቱ ተመላሽ ይሆናል። ያኔ ማናችሁም አታገኙም። እኔ አለቃ አይደለሁም፤ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው።»

ልዑል ነገሩን አወጣ አወረደ። በለሚ ቦታ ቢሆን እሱስ ምን ያደርግ ነበር?

«ይሁን» አለ። «በርሜሉን ሽጡ ያልከን ግን መመሪያው ነው?»

ለሚ መሬት መሬት ያይ ጀመር። «መመሪያ እንኳ አይደለም። ካሜራ ይመጣ ነበር... ያ የጠቆረ በርሜል እዚያ ከቆመ መቁያ አላቸው ይባላል።»

«ማሽኑ በዚያው ቀን እንደሚነሣ ታውቅ ነበር?»

«ቶሎ የሚመለስ መስሎኝ...»

«ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

«አውቅ ነበር።»

ልዑል ክንዱን አስለቀቀ። ያን ጊዜ ከመንገዱ ዳር የብረት ድምፅ ሰማ። ሀቢቡላህና ሁለት ወዛደሮች አንድ ጥቀርሻ የለበሰ መቁያ ጋሪ ላይ ሊያወጡ ይታገላሉ። አጠገባቸው አዲስ ቀሚስ የለበሰች ወጣት፣ የምስጋና ንግግሯን ከስልኳ እያነበበች ትለማመዳለች። ሔራን ትባላለች፤ የሊሙ ገነቶቹ ቡና ቆዪዎች ማኅበር ሰብሳቢ ናት።

«እህቴ፣ መቁያችሁን አትሽጡ» አላት ልዑል። «ማሽኑ ዛሬውኑ ይነሣል። እኛም ሰርቦ ላይ መርቀነው ነበር።»

ከላይ እስከ ታች አየችው። «አቦ፣ ሰርቦዎች ደግሞ! እናንተ ካላገኛችሁ እኛም እንዳናገኝ ነው?» አለችና ልዑልን ተከትሎ ወደ መጣው ለሚ ዞረች። «ለሚ፣ ይኼን ሰውዬ ንገረው እንጂ። ማሽኑ እዚህ ያድራል አይደል?»

ለሚ ልዑልን አየ፤ ጋሪውን አየ። «ከፕሮግራሙ በኋላ እንነጋገራለን» አለ።

ሔራን ስልኳን ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ሀቢቡላህ!» አለች። «አውርደው።»

«እንዴ! ተስማምተን?»

«አውርደው አልኩህ!»

ልዑል ሄዶ አንዱን ጎን ያዘ። መቁያውን መሬት ካስነኩ በኋላ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ነጋዴውን ጠየቀው፤ «የሰርቦውስ? የኛው?»

«እሱማ ተቆራርጦ የበር ብረት ሆነ፣ ወንድሜ።»

የልዑል ስልክ ጠራ። ፊርዶስ ናት።

«አገኘኸው?»

«ለሚን አገኘሁት።»

«እሱን ማን ፈለገው? በርሜሉን ነው ያልኩህ።»

ከድንኳኑ የለሚ ድምፅ በማይክሮፎን መጣ፤ እንግዶቹ ወደ ሪባኑ እንዲቀርቡ በትሕትና እየጋበዘ ነው።

«ያ ለሚ አይደል?» አለች ፊርዶስ። «ምንድን ነው የሚያስመርቀው?»

«የኛን ማሽን» አላት።