ንግሥት አንስትሩድ ባል ፈለጉ

ንጉሥ ባውዶማር እንደ ሞቱ ሁለቱ ልጆቻቸው አገሩን እንደ ቅርጫ ሥጋ ተካፈሉት። ከሞዘል ወንዝ ወዲህ ያለው ለታላቁ ለማልድሪክ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ለታናሹ ለአውዶ ደረሰ። በሕፃንነታቸው ገላቸውን ያጠብኳቸው፣ ያንን እስከ ወገብ የሚወርድ የነገሥታት ጸጉራቸውን ያበጠርኩላቸው እኔ ነኝና ዛሬም ዘውድ ደፍተው ሳያቸው አንቱ ማለት ይተናነቀኛል።

ለማን እንደሆነ ሳይለይ የቀረው አንድ የባሉጥ ጫካ ብቻ ነበር። ፍሬውን አሳማ ነፍሱን ይሰጥለታል፤ በእኛ አገር ደግሞ አሳማ የሌለው ሰው ከሰው አይቆጠርም። በመከር የማልድሪክ አሳማዎች ጫካው ውስጥ ገቡ። የአውዶ ሰዎች ያዟቸውና አርደው በሏቸው። ማልድሪክም የአውዶን እረኛ አስይዞ ጺሙን በግማሽ አስላጨው። ከዚያ በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ ጦር መሳል ተጀመረ።

እመቤቴ ንግሥት አንስትሩድ፣ የሁለቱ እናት፣ ልጆቹን ለእርቅ ግብዣ ጠሯቸው። «እሱ ካለ እኔ አልመጣም» ብሎ ማልድሪክ ላከ። አውዶም ቃል በቃል ያንኑ ላከ።

«ይኸው፣ በዚህ እንኳ ተስማምተዋል» አሉ እመቤቴ።

ጸጉራቸውን እያበጠርኩላቸው ነበር። «ራጋና፣ ባል ላገባ ነው» አሉኝ።

«ማንን?»

«እሱን ገና አላሰብኩበትም።»

በመስኮት ወደ ግቢው አዩ። የሟቹ ንጉሥ የፈረሶች አዛዥ ጉንድላክ የአንዲት ባዝራ እግር ጭኑ ላይ አስደግፎ ኮቴዋን ይጠርጋል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ራሱ እንደ እንቁላል መላጣ ነው።

«ያ ይሁን» አሉ፣ ገበያ ወጥቶ ዶሮ እንደሚመርጥ ሰው።

በማግስቱ ለሁለቱም ልጆች መልእክተኛ ሄደ። እርቅ ብለው ያልመጡት ሠርግ ሲሉ ፈረሳቸው እስኪያልበው ጋለቡ። አንዱ በምሥራቅ በር፣ አንዱ በምዕራብ በር ገብተው እልፍኙ ደጃፍ ላይ ተገናኙ። ማንም ለማንም አላሳልፍ አለ። በኋላ ሁለቱም እኩል ሲጋፉ በሩ ላይ ተጣበቁና ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ገቡ።

«እማዬ፣ የሰማሁት እውነት ነው?» አለ ማልድሪክ።

«ምን ሰማህ?»

«ልታገቢ ነው አሉ።»

«ልጅ ካልመጣልኝ ባል ይምጣልኝ እንጂ፣ ምን ላድርግ?»

«ማንን ነው የምታገቢው?» አለ አውዶ።

«ጉንድላክን።»

ወንድማማቾቹ ከአባታቸው ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«መላጣውን?» አለ ማልድሪክ። «የነገሥታት እንጀራ አባት መላጣ?»

«ራሱ ላይ ባይኖረው ደረቱ ላይ አለው ይላሉ» አሉ እመቤቴ።

ሳቄን ለመደበቅ የወደቀ ነገር እንዳለ ሁሉ ጎንበስ አልኩ።

አውዶ ግን ቀልዱ አልገባውም። «የወይን እርሻዎቹስ?»

«እነሱማ የኔ ናቸው። አባታችሁ በሠርጋችን ማግስት ሲሰጠኝ ለዕድሜ ልክሽ ብሎኛል። ወደምሄድበት ይሄዳሉ።»

ጉንድላክ ተጠራ። ልብሱ ላይ ጭድ እንደተጣበቀ መጣ። ጉዳዩን ማንም አልነገረውም ነበር።

«እናታችንን ልታገባ ነው አሉ» አለው ማልድሪክ።

ጉንድላክ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው፣ ነገሩን የሸረብኩት እኔ እንደሆንኩ ሁሉ። ከዚያ ወደ እመቤቴ ዞረ።

«እኔ?»

«አንተ» አሉት። «እምቢ ትላለህ?»

ከልቡ አሰበበት። «እመቤቴ፣ ፈረሶቹን ማን ያበላል?»

አውዶ በሳቅ ፈነዳ። ማልድሪክ ሊኮሳተር ሞከረ፤ ፊቱ ቀላ፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ እሱም አላስቻለው።

ከዚያ ሁለቱ ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉ። መጀመሪያ ጩኸት ሰማን። ቀጥሎ ጸጥታ፣ ቀጥሎ የዋንጫ ድምፅ። ሲወጡ አውዶ የወንድሙን ክንድ ይዞ ነበር።

«ተስማምተናል» አለ ማልድሪክ። «ጫካው የጋራ ይሁን፤ አንቺም ሠርጉን ተይው።»

«መጀመሪያ ማሉ።»

የሚያስምሉት ጳጳስ ሩቅ አልነበሩም። ለካ ከጠዋት ጀምረው ማዕድ ቤት ተቀምጠው በጢስ የደረቀ ዓሣ ሲበሉ ነበር። የአንድ ቅዱስ ሰው አጥንት ያለበትን ሣጥን ይዘው፣ አፋቸውን እየጠረጉ ገቡ። ልጆቹም እጃቸውን ሣጥኑ ላይ ጭነው ዳግመኛ በጫካው ላንጣላ ብለው ማሉ።

«በሉ፣ ሠርጉ ቀርቷል» አሉ እመቤቴ። ልጆቻቸውን ስመው ሸኟቸው።

በማግስቱ ጉንድላክ፣ ሠርጉ መቅረቱን ማንም ሳይነግረው፣ እልፍኝ መጣ። ታጥቧል፤ ሟች ሚስቱ የሰፋችለትን ሰማያዊ እጀ ጠባብ ለብሷል። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ቆመ።

«እመቤቴ፣ ለፈረሶቹ ሰው አግኝቻለሁ። የእህቴ ባል ነው። እጁ ጥሩ ነው።»

እመቤቴ ቀልድ ነበር ሊሉት አፋቸውን ከፈቱ፤ አይቻቸዋለሁ። ግን ያን ሰማያዊ ልብሱን አዩና ተዉት።

«ለዚህ ስትጨነቅ አደርክ?» አሉት።

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

«ተቀመጥ እስቲ። ራጋና፣ ቢራ አምጪለት።»

ቢራውን ለማምጣት ሆን ብዬ ዘገየሁ።

ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። ልጆቹ ወሬውን ሰምተው ጎን ለጎን እየጋለቡ መጡ፣ ሰይፋቸውን ታጥቀው፣ አንድ ላይ ተቆጥተው።

«ሠርጉ ቀርቷል ብለሽ ነበር» አለ አውዶ።

«ያን ዕለትማ ቀርቶ ነበር። የማላችሁት እናንተ፤ እኔ መቼ ማልኩ?»

ወንድማማቾቹ ወደ ጳጳሱ ዞሩ። ጳጳሱ ሳህናቸውን አዩ። ምግቡ ቀርቦ ነበርና ልጆቹም ተቀመጡ።

አሁን አሳማዎቹ ጫካው ውስጥ ተደባልቀው ይበላሉ። ወንድማማቾቹ በየበዓሉ እናታቸው ዘንድ እየመጡ እንጀራ አባታቸውን ያማሉ፤ በሌላ ነገር ባይስማሙ በዚህ አንድ ልብ ናቸው። ማልድሪክ እስከ ዛሬ በስሙ አይጠራውም፤ «ሰውዬው» ነው የሚለው። ጉንድላክ ግን ቅር አይለውም። የማልድሪክን ፈረስ ተቀብሎ ኮርቻውን አውርዶ ጀርባውን ያይና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላል፤ «ይሄ ልጅ አሁንም ኮርቻ መጫን አላወቀበትም።»